ዘርጎም በቀስማ ቅጥር

በኤልባር መንግሥት፣ በአንድ ማለዳ፣ የመናገሻው ከተማ ሦስት ታላላቅ በሮች መሬት ላይ ተዘርረው ተገኙ። እንጨቱ ደህና ነው፤ ምስማሩ፣ ማጠፊያውና መቀርቀሪያው ግን የለም። ብረት በላው አውሬ ዘርጎም ከሰባት መቶ ክረምት እንቅልፉ ነቅቷል። ብረት ሲያልቅበት ብረቱን የያዘውን ሰው አስከትሎ እንደሚበላ ደግሞ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ንግሥት አስመሪት ከዙፋናቸው ላይ እንዲህ አሉ፦

«ዘርጎምን አሸንፎ ያስተኛ ከተማ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ነጋዴና አንጥረኛ የሞላበት፣ በቅጥር የታጠረው ቀስማ። ዛሬ ከአፈር በታች ነው። ምን አድርገው እንዳሸነፉት ቆፍራችሁ አምጡልኝ። ካላመጣችሁ ኤልባር አትተርፍም።»

የተላኩት ሐመልሚትና መምህሯ አባ ጎርዳፍ ነበሩ። ሐመልሚት ከኤልባር የፍርስራሽ ቆፋሪዎች ሁሉ በዕድሜ ታናሽ ናት፤ ጣቷ አፈር ሲነካ አፈሩ ስንት ክረምት እንደተኛ ታውቃለች። አባ ጎርዳፍም ይህ ጸጋ አላቸው፤ ጉልበታቸው ግን ከከዳቸው ቆይቷል። አለቃ ካሱማይ ከአርባ ወታደሮቹ ጋር አጀባቸው።

ጸጋው መሐላ አለው፦ «ቦታውን ሳልለካና ሥዕሉን ሳልስል አንዲት ጠጠር አላነሳም፤ ካነሳሁ ጣቶቼ ይደንቁሩ።» መሐላው የአፍ ወግ አይደለም። እስካሁን ያፈረሱት ሁለት ቆፋሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ በግ ይነግዳሉ።

ቀስማ ሲደርሱ ካሱማይ በቀጥታ ወደ ጉብታው ወጣ።

«ቤተ መንግሥት ከፍታ ላይ ነው፤ ምሥጢርም ያለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው» አለ።

ወታደር አይደል፤ ምሥጢር ሁሉ ንጉሥ ጓዳ የሚቀመጥ ይመስለዋል። አርባ የብረት አካፋ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ። በአምስት ቀን ውስጥ ያገኙት ነገር ቢኖር ትልቅ ጉድጓድና ጉድጓዱ ውስጥ የቆሙትን ራሳቸውን ነው።

ሐመልሚት ግን በመጀመሪያ የነፋሱን አቅጣጫ አየች። ቀን ከሌት ከሰል የሚያነድ አንጥረኛ ጭሱን ነፋስ ይዞት ከከተማ በሚወጣበት ዳር ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በምዕራቡ ቅጥር ሥር በእንጨት መፋቂያና በብሩሽ ጀመረች። ዶቃ ወጣ፤ የሚዛን ድንጋይ ወጣ፤ ከዚያ የማቅለጫ ምድጃዎች ተራ በተራ ብቅ አሉ። በአምስተኛው ቀን ከምድጃዎቹ ጎን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ክምር አገኘች። በክምሩ ውስጥ ክንድ የሚያህል የተሰበረ ጥርስ ተቀርቅሯል።

«አባ፣ ብረት ሲቀልጥ የሚወጣው ዝቃጭ ነው» አለች። «በጦር አልወጉትም። ይህን አብልተውታል።»

አባ ጎርዳፍ ጥርሱን አይተው ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ለኪው ልጄ። ሁለት ቀን ይበቃሻል።»

ሁለት ቀን ግን አላገኙም። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ምድር ተንቀጠቀጠ። ብረት በላን ለማሸነፍ አርባ አካፋ ተሸክሞ መምጣት የካሱማይ ብልሃት ነበርና፣ ዘርጎም ሽታውን ተከትሎ መጣ። ቤት ያክላል፤ ቆዳው ዝገት ለብሷል። ወታደሮቹ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ለመውጣት ጊዜ የላቸውም።

ካሱማይ ዘርጎም ከሰው በፊት ብረቱን እንዲበላ አካፋዎቹን ከጉድጓዱ አንድ በአንድ ወደ ላይ እየወረወረ ተጣራ፦ «ሐመልሚት፣ እኔን ተዪኝ። ወታደር ልጆቼን አትርፊልኝ።»

ሐመልሚት ወደ ክምሩ ሮጠች። ግማሹ እንኳ አልተለካም። አባ ጎርዳፍ ክንዷን ያዙ።

«ልጄ፣ ጣቶችሽን ታጫቸዋለሽ።»

«አውቃለሁ አባ። ልጆቹ ግን በሕይወት አሉ።»

ለቀቋት። በሁለት እጇ ዝቃጩን እየዛቀች ቅርጫት ሞላች፤ የብረቱ ሽታ እንዲስበው ካሱማይ ከወረወራቸው አንድ አካፋ በመካከሉ እየሰካች በዘርጎም አፍ ፊት ገፋችው። ዋጠ። ሁለተኛውን ዋጠ። ሦስተኛውን ሲውጥ ቆመ። በሆዱ ያለው ብረትና ዝቃጭ አንድ ላይ ረጋ፤ በቀስማ ቅጥር ላይ ተንበረከከና እዚያው ድንጋይ ሆኖ ቀረ። አርባዎቹ ወታደሮች ከነአለቃቸው አንድ ሳይጎድል ወጡ።

ሐመልሚት ግን ከጣቶቿ አንድ ነገር ሲወጣ ተሰማት። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል አለቀሰች። ካሱማይ በፊቷ ተንበረከከ።

«ከዛሬ ጀምሮ በኤልባር ጦር አካፋ የሚነሳው አንቺ ስትፈቅጂ ነው» ብሎ ማለ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ምድጃዎቹ ወረደች። የቀስማ ብልሃት በመላው ኤልባር ሊታወቅ ይገባልና ሥራው አላለቀም። እጇን አፈሩ ላይ አኖረች፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። አባ ጎርዳፍ ጉልበታቸውን እየደገፉ ወረዱ፤ አጠገቧ ተቀምጠው እጃቸውን ከእጇ ጎን አሳረፉ።

«ስንት ክረምት ነው አባ?»

«ሰባት መቶ ሦስት» አሉ።

በሕይወቷ ይህን ማንንም ጠይቃ አታውቅም። አመነቻቸው፤ ቁጥሩን ጻፈችና ወደሚቀጥለው ምድጃ አለፈች።