ድንጋይ የማይገኝበት ማሳ

በሩን ዝጉና ቀረብ በሉ። ያላየሁትን አየሁ አልልም። የሰማሁትን ግን እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ።

ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ጀምበር ጠልቃለች፤ የሰው ፊት አይለይም። መንገዱ ከእርሻ ወደ መንደር የሚወስድ ቀጭን መንገድ ነው። በግራ ሣር፣ በቀኝ ሣር፤ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ስሙ ሙሄ ነው።

ሙሄ ማን ነው? ደገኛ ነው። በድርቁ ዘመን እህል ይታደላል ሲባል ከነሚስቱና ከነልጁ ገበያ ወረደ። ወታደሮች ከበቡና በመኪና ጫኑት። ሚስቱን ወደ ሌላ መኪና ገፏት። ያ መኪና የት እንዳራገፋት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ለሙሄ የቀረችው የሰባት ዓመት ልጁ ዘምዘም ብቻ ናት። እሷን ታቅፎ ያ መንገድ ካለበት ቆላ ሰፈራ ደረሰ። እሷ ከሞተችበት ምን ይቀረዋል? ምንም አይቀረውም።

መሬት ተሰጠው። ጥቁር አፈር፣ ለጥ ያለ ሜዳ። በሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ድንጋይ ተቀምጧል። ደገኛ ማሳው ላይ ድንጋይ ሲያይ ምን ያደርጋል? ይለቅማል። ለቅሞም ካብ ይክባል። የሙሄ አባትም፣ አያቱም እንደዚሁ ነበር የሚያደርጉት። ሙሄም ለቀመ። ማሳውን አጽድቶ አረሰው። ድንጋዩን ወስዶ የጎጆውን ግድግዳ ሥር ካበበት፤ ምስጥ እንዳይበላው።

ጎረቤቱ ደምለው የሚባል ነው። ቀደም ብሎ በመጀመሪያው ዙር የመጣ ሰፋሪ ነው። ቆሞ እያየ ሳቀበት።

«ግንብ ልትገነባ ነው? ትናንት መጥተህ ዛሬ ባላባት ሆንክ?»

«ልጄ ምስጥ በበላው ቤት ትደር ነው የምትለው፣ አያ ደምለው?»

«ለመሆኑ ድንጋዩን ከየት አገኘኸው?»

«ከማሳዬ።»

ደምለው መሳቁን ተወ።

«በዚህ አገር ድንጋይ ያለው ወንዙ ዳር ነው። የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በትከሻችን ያመጣነው እኛ ነን። በመጀመሪያው ክረምት ወባ የፈጃቸው ሰዎቻችን ላይ ነው ያስቀመጥነው።»

ሙሄ ወገቡን ይዞ ቀረ። «መቃብር ነው? ታዲያ ሳርስ እያየህ ዝም አልከኝ?»

«መጥተህ ጠየቅኸኝ? እናንተ አዲሶቹ ምን ትጠይቃላችሁ፤ ማረስ ብቻ ነው የምታውቁት።»

ይህን ብሎ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታም ነፈገው።

ሙሄ ድንጋዩን መለሰ? ሊመልስ ፈልጎ ነበር። ግን የትኛው ድንጋይ የማን ነው? በሬ ሄዶበታል፣ ማረሻ ገብቶበታል፤ መሬቱ አንድ ሆኗል። ነገ እመልሳለሁ አለ። በማግስቱም ነገ አለ።

በመጀመሪያው ምሽት በዚያ መንገድ ሲሄድ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቀላል ኮቴ ነው። ሲቆም ይቆማል። ሲሄድ ይሄዳል።

በሁለተኛው ምሽት ኮቴው ቀረበ። ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማ። ወባ የያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ሙሄ ሮጠ።

በሦስተኛው ምሽት ኮቴ የለም። ድምፅ የለም። ሙሄ ተመስገን አለ። ወዲያው ትንሽ እጅ መጥታ ቀኝ እጁን ያዘችው።

«ዘምዘም? ማን ውጪ አለሽ በዚህ ሰዓት?»

 እጇ እንደ ፍም ይፋጃል።

«አተኮሰሽ እንዴ፣ ልጄ? ነይ፣ ቶሎ እንግባ።»

ይዟት ገሰገሰ። በልቡ ይህቺን ብቻ አትውሰድብኝ እያለ ገሰገሰ። ደጁ ደረሰ። በሩን ገፋው። ማን ወጣ? ዘምዘም ኩራዝ ይዛ ከውስጥ ወጣች።

«አባዬ፣ የያዝከው ማን ነው?»

ሙሄ ዝቅ ብሎ አላየም። ከእጁ ሥር የሕፃን ድምፅ ተናገረ።

«እናቴ ድንጋዬን ከወንዝ ተሸክማ አመጣችልኝ። አንተ ቤት ሠራህበት። እኔም እዚሁ እገባለሁ። ከልጅህ ጎን እተኛለሁ።»

«ቤቱን ውሰድ» አለ ሙሄ። «ልጄን ግን አትንካ።»

እጁን መንጭቆ ልጁን አፈፍ አደረገ። ምንጣፍ አላነሳ፣ እህል አላነሳ። ኩራዙን እንኳ ጥሎ የደምለውን በር ደበደበ።

«አያ ደምለው፣ ክፈትልኝ።»

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ነን። እኔና ልጄ።»

«ከኋላችሁስ?»

ሙሄ ዞሮ ለማየት አልደፈረም። በሩም አልተከፈተም። የሚቀጥለውም አልተከፈተም። በመንደሩ ውስጥ አንድም በር አልተከፈተላቸውም። ልጁን አዝሎ በዚያው መንገድ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ዘምዘምን አገኟት። ደህና ናት፤ አንድም ነገር አልነካትም። አባቷ ከጎኗ ተኝቷል። ነፍሱ ከወጣች ቆይታለች፤ ቀኝ እጁ ግን ገና ይፋጃል።

ጎጆው አሁንም እንደቆመ ነው። ሰው አይኖርበትም። ሲመሽ ከውስጡ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማል። ያ አንዱ ነው፤ እሱ ቤት አግኝቷል። በዚያ ማሳ የተቀበሩት ግን ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ሲመሽ ብቻችሁን አትሂዱ። የግድ ከሆነባችሁ፣ ትንሽ እጅም መጥታ እጃችሁን ከያዘች፣ የምትፋጅም ከሆነች፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞሩ ማደር ይሻላል። ቤታችሁን አታሳዩዋት።