ቲታኒየም ብረት አይደለም

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ መጭመቂያ ማሽኑ ሥር ሸራ ለብሶ ተጋድሟል። የጋለ የቲታኒየም ቁራጭ ሲጨመቅ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ተወርውሮ ደረቱን መትቶታል። ምድጃ ጠባቂው ታናሽ ወንድሙ ጓንቱን ሳያወልቅ ግድግዳ ተደግፏል። ተጠርታ የመጣችው እናታቸው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ጥፋቱ የታናሹ ነው» አለ ፎርማኑ። «ምድጃው ላይ አንቀላፍቶ ከልክ በላይ አግሎታል።»

«አላንቀላፋሁም።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

እናትየው የቀረላትን ልጇን እስር ቤት ስትጠይቅ ታያት። ስንቁን በምን እንደምትቋጥርለት ሳይቀር አሰበች።

«ማሽኑ ፈጥኖ ቢሆንስ?» አለች መርማሪዋ።

«ይዩት።» ፎርማኑ የማሽኑን ጎን ሣጥን ወገቡ ላይ ባንጠለጠለው ቁልፍ ከፈተው። የፍጥነት ማስተካከያው ልኩ ላይ ነበር። «ቁልፉ ሁለት ብቻ ነው፤ ሌላው ሟቹ ጋ ነው። ደግሞ እሱን ማን ያፈጥነዋል? ኤሊ ነበር የምንለው። ሠላሳ ዓመት ብረት የቀጠቀጥኩ ሰው፣ ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው እያልኩ ስለፈልፍ ኖሬ አልሰማኝም።»

የሟቹ ኪስ ውስጥ ቁልፍ አልተገኘም። መርማሪዋ እናትየው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ጠዋት እንዴት ወጣ?»

«ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ። እንዳይቆጡት ልከተለው ስል ዘነበ።» ቦርሳዋን ከፈተች። «ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ክፉውን ሳስብ ኖሬ፣ ዛሬ ሲጠሩኝ ለቁልፉ መስሎኝ ይዤው መጣሁ።»

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ሁሉንም ማይክሮስኮፕ ያለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቲታኒየም የደረሰበትን በሆዱ ይይዛል» አለች። «ከልክ በላይ ቢግል ኖሮ፣ ውስጡ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ጠፍተው፣ ሲቀዘቅዝ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሌሎች ይተኳቸው ነበር። የዚህ ቁራጭ ቅንጣቶች ግን እንደ ምስር ክብ ናቸው። ታናሹ አላንቀላፋም።»

ታናሹ ቀና አላለም።

«ስንጥቁ ዳር ግን አንድ ቀጭን መስመር አለ። እዚያ ብቻ ቅንጣቶቹ ተጎትተው ተዘርግተዋል። ቲታኒየም ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። በፍጥነት ሲጫኑት የሚፈጠረው ሙቀት መውጫ አጥቶ አንድ መስመር ላይ ይታፈናል። መስመሩ ይለሰልሳል፤ ጫናው ሁሉ እዚያው ያርፋል፤ ይሰነጠቃል።»

«እንግዲያ ኤሊ ራሱ አፍጥኖታላ» አለ ፎርማኑ።

«በምን ቁልፍ?» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የእሱ ቀኑን ሙሉ እናቱ ጋ ነበር። ሣጥኑን ከፍቶ ያፈጠነውም፣ ከሞተ በኋላ ወደ ልኩ የመለሰውም አንድ ቁልፍ ነው።»

የፎርማኑ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ።

«ሥራው እንዲፈጥን ብዬ ነው፤ ብረት ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር» አለ።

«ብረት አይደለም።»

ፎርማኑን ሲወስዱት እናትየው ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ታናሹ ክንዷን ያዘ።

«ወንድምህ ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን ከፍቶ ያይ ነበር?» አለችው።

«ሳያይ ጀምሮ አያውቅም።»

«ቁልፉን ባደርስለት ኖሮ...»

ታናሹ ኮቷን አለበሳት፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈላት።

«ዘንቦ ነበር እኮ፣ እማዬ» አላት።