የመገንጠያው ዘብ

አልቅቱ ከሚጣ ቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ተለጥፏል። ደሟን ጠግቦ አውራ ጣት አክሏል። የሞተረኞቹ መካኒክ እየሳቀ ጭቃው ላይ ተንበረከከና በጥፍሩ ገፋ አድርጎ አላቀቀላት።

«አይዞሽ፣ ምሳውን በልቶ ጨርሷል።»

«ጋሼ፣ በእናትዎ ከዓይኔ ያርቁልኝ!»

አጎቷ በስልኩ ባሳያት ቪዲዮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እዚያ ደኑ አረንጓዴ ነው፣ ሞተሮቹም ያብረቀርቃሉ። የሻገተ ካልሲ፣ አንገት ሥር የሚገባ ትንኝ፣ እስከ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ማን ቀርጾ ያሳያል? እናቷ «ከአጎትሽ ጋር ከሆነ ይሁን» እስክትል ድረስ ስንት ለቅሶ አልቅሳ ነው የመጣችው። አሁን ጓንቷ ራሱ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል። በአሥራ አራት ዓመቷም «ሚጣ» እያለ የሚጠራት አጎቷ ባይኖር ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደ ቤት ልመለስ ባለች ነበር።

ስድስቱ ሞተረኞች አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው። መገንጠያ ላይ ሲደርሱ ከመሪዋ ቀጥሎ ያለው ሰው ዘብ ሆኖ ይቆማል። ለተከታዮቹ መንገዱን ያሳያል፤ ከሁሉም ኋላ የሚመጣው መካኒኩ እስኪደርስ ድረስም ካለበት ንቅንቅ አይልም። መሪዋ በሥራዋ የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ጠዋት፣ መካኒኩ ራቅ ብሎ ሞተር ሲጠግን፣ ሌሎቹን ሰብስባ ነግራቸው ነበር።

«ዛሬ ያለን አንድ መገንጠያ ነው። መንገዳችን በቀኝ ነው። የግራው የድሮ የእንጨት ጫኞች መንገድ ነው፤ ቁልቁለቱ ሥር ያለው ድልድይ ተሰብሯል። ዘቡ ከቦታው ቢነቃነቅ ወየውለት!»

ዘብነቱ ለአጎቷ ደረሰ። መገንጠያው ላይ ደግሞ የሞተ ከርከሮ ተጋድሟል። ሆዱ ተነፍቶ ፈንድቷል፤ ትሉ ይርመሰመሳል። ሽታው አፍንጫ ቢይዙትም በአፍ ይገባል። ሚጣ ሄልሜቷን አውልቃ ቁርሷን ቁጥቋጦ ሥር መለሰችው። ሌሎቹ ሦስት ሞተረኞች አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ቀኝ አለፉ። መካኒኩ ግን ቢጠብቁት፣ ቢጠብቁት አልመጣም።

«እዚህ ቆሜ አንጀቴን ልተፋ ነው እንዴ?» አለ አጎቷ። ቅርንጫፍ ሰበረና ወደ ቀኝ እንዲያመለክት መንገዱ ላይ አጋደመው። «በቃ፣ ይሄን ያያል። ነይ ሞተሩ ላይ ውጪ።»

«ጋሼ ሳይደርሱ?»

«ፋራ አትሁኚ፣ ሚጣ!»

ወጣች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር።

ወንዙ ዳር ከሌሎቹ ጋር ሲገናኙ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። መሪዋ ወደ አጎቷ መጣች።

«ኋለኛውስ?»

«ሲመጣ አይቼው ነው የተነሳሁት። ከኋላዬ ነው» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የአጎቷ ግን ለማደርም አልበቃ። ዝናቡ በርትቶ መውረድ ጀመረ፤ መካኒኩ የለም። ስልክ በዚያ ጫካ ውስጥ አይሠራም።

«መገንጠያውን ካለፈ እዚሁ ቅርብ ወድቆ ይሆናል» አለች መሪዋ። «በእግራችን የመንገዱን ዳር እንፈትሽ።»

ሁሉም ቁጥቋጦውን እየገለጡ መፈለግ ጀመሩ። አጎቷም እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ተጣራ። ፊቱ ሐዘን የገባው ሰው ፊት ነው። ሚጣ አየችውና ከአልቅቱም፣ ከትሉም፣ ከዚያ ሁሉ ሽታም የባሰ ቀፈፋት። ሰውየው በሌለበት ጫካ ሰውየውን ይጣራል! ሮጣ እጅጌውን ያዘችው።

«እዚህ እንደሌሉ ታውቃለህ!»

«ቀስ በይ!» አለና ዞር ዞር ብሎ አየ። «ቅርንጫፉን አይቶ ይመጣል። አሁን ብናገር ትልቅ ሼም ነው፤ ከቡድኑ ያባርሩኛል። ደሞስ አንቺ ንጹሕ ነሽ? እንሂድ ስልሽ ዘለሽ አይደል የወጣሽው?»

ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ጎርፉ መንገዱን እየጠረገ፣ ቅጠሉንም ጭራሮውንም እየነዳ በእግሯ ሥር ይወርዳል። አጎቷ «ጎበዝ» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ ሲያደርጋት እጁን መሸከም አስጠላት። ከሥሩ ሾልካ ወደ መሪዋ ሄደች።

«እትዬ፣ ጋሼን መገንጠያው ላይ አላየናቸውም። ስለሸተተን ጥለን መጣን። እኔም አብሬ ነበርኩ።»

መሪዋ አጎቷን አየችው። እሱ ጫማውን አየ። እንደፈሩት አልጮኸችም።

«ገመዱን ይዛችሁ ተከተሉኝ» አለች ለሌሎቹ። ከዚያ ሞተሯን አስነሳች። «ነይ ከኋላዬ ውጪ።»

መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ቅርንጫፍ የሚባል ነገር የለም። ወደ ግራው ቁልቁለት የሚወርድ አንድ የጎማ ዱካ ውሃ ሞልቶት ይታያል።

«እኔ ልውረድ» አለች መሪዋ። «ገመድ የያዙት ሲደርሱ ወደ ግራ ጠቁሚያቸው። ከታች ብጮህም ለእነሱ ታስተላልፊያለሽ። እስክንወጣ ድረስ መቆም ትችያለሽ?»

«እቆማለሁ።»

የሞተሩ ድምፅ ቁልቁለቱ ውስጥ ጠፋ። ዝናቡ የከርከሮውን ጥንብ አበስብሶት ሽታው ከፊተኛው ብሷል፤ ዝንቡ ከለላ ፍለጋ ወደ ፊቷ ይመጣል። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ኋላ ሄዳ ሞከረችው፤ እዚያ ይተነፈሳል፣ የግራው መንገድ ግን አይታይም። አንዴ አስመለሳት። አፏን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ መገንጠያው መሃል ተመልሳ ቆመች።