ያልተሻገረችው ገጽ

ሽባባው ቢሮው ውስጥ ሞቶ የተገኘው ኪቦርዱ ላይ እንደተደፋ ነው፤ አናቱን ከኋላ ተመትቷል። ቅዳሜ አመሻሽ አምፖል ሊያጠፉ የገቡት ዘበኛው ጋሽ እንየው አዩትና ጮኹ። ስለጮኹም ታሰሩ።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ልክየለሽ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከባጃጅ ስትወርድ የእንጅባራ ብርድ ጉልበቷን ይዟታል። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልጠገበችም። አለቃዋ «ዘበኛው ነው፤ ፈርሚና ዝጊው» ብሏታል። መፈረም እንዴት ደስ ባላት! ግን በዚያች ፊርማ አንድ ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን ሊታሰሩ ነው።

ሽማግሌው ላይ የመሰከረባቸው ኮምፒውተሩ ነው። ሽባባው የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ ሲያዛውር ነበር፤ አርባ ገጽ፣ አንድ በአንድ፣ በተራ። አዲሱ ሲስተም እያንዳንዷ የገባችበትን ሰዓት ይመዘግባል። የመጨረሻዋ የገባችው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጸሐፊዋ ውቢት በስምንት፣ የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ በኃይሉ በዘጠኝ ሰዓት ወጥተዋል። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው አልነበረም።

«ሽባባው ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ስትል ጠየቀች ልክየለሽ።

«ደረቅ!» አለች ውቢት እንባዋን እየጠረገች። «አዲሱ ሲስተም የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወደኛ ሳይቀይር አንዲት ገጽ አያሳልፍም። ‹ገበሬው በፈረንጅ ቀን ምን ያድርግ?› ይለኛል። የቀሩትን ገጾች ቀን ወደኛ አስልቼ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ ትቼለት ነው የወጣሁ።»

«ሌላስ?»

«አንዲት የቅጥር ውጤት ቦርድ ላይ ከተለጠፈው ጋር አልገጥም አለችው። ‹የትኛውን ላዛውር ብዬ ጋሼ በኃይሉን ልጠይቅ› አለ።»

አቶ በኃይሉ በሩን ሳይዘጉ ተቀመጡ።

«የአዲሱ ሲስተም የይለፍ ቃል ማን ጋ ነው?»

«ሽባባው ጋ። ያው ለወጉ እኔም ጋ ይቀመጣል እንጂ፣ እኔ እቴ ኮምፒውተር ማጥፋትም አልችል!»

ልክየለሽ የሽባባው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ገጾቹን ቆጠረች። ሁለቴ። ከዚያ ሁሉንም አስጠራች፤ ጋሽ እንየው በካቴና መጡ።

«የመጨረሻዎቹ ስድስት ገጾች በፈረንጅ ቀን ናቸው» አለች እያዛጋች። «ሽባባው እንዲህ አይሠራም። ስለዚህ እነዚህ ሲገቡ እሱ ሞቷል። ውቢት ብትሆን ቀኑን ራሷ ናት የጻፈችው፤ አትዘነጋውም። ጋሽ እንየው የይለፍ ቃል የላቸውም። የይለፍ ቃል ያለው ሰው ግን ከመውጣቱ በፊት መትቶት፣ ቤቱ ገብቶ በኢንተርኔት ገጾቹን መጨረስ ይችላል፤ ሟች እስከ አሥራ አንድ የሠራ እንዲመስል።»

«ኔትወርክ ያበላሸው ይሆናል!» አሉ አቶ በኃይሉ።

«ኔትወርክ መርጦ አያበላሽም። ከተራዋ የተዘለለችው አንዲት ገጽ ብቻ ናት፤ የ2007 የቅጥር ውጤት። አሮጌው ሲስተም ላይ አንደኛ የወጣችው ሚልካ የምትባል ልጅ ናት። ቦርዱ ላይ አንደኛ ተብላ የተቀጠረችው ግን የእህትዎ ልጅ።»

«ዝም ብለህ እለፋት አልኩት!» ጮኹ አቶ በኃይሉ። «አንዲት ገጽ ናት፣ ማን ያያታል አልኩት እኮ!» ከዚያ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ካቴናው እጅ ቀየረ።

«ቤትዎ ገብተው ይረፉ፣ ጋሽ እንየው» አለች ልክየለሽ።

«ቤትማ ምን አለኝ? አገሩ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ብሎኛል። እዚሁ ግቢ በር ላይ ቆሜ ያየኝ ሰው ነው ወሬውን የሚመልስልኝ።»

ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። ልክየለሽ ባጃጅ አልጠራችም። በዚያ ብርድ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያይ በሩ ላይ ከጎናቸው ቆመች።