ትልቁ አካፋይ

በ1954 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት አቶ አበረ የቅርጫው ጉበት ገና ከጉሮሯቸው ሳይወርድ፣ ዳንግላ ውስጥ በገዛ ግቢያቸው ወድቀው ሞቱ። የክሊኒኩ ድሬሰር መርዝ ነው አለ። ፖሊስ በሬውን ያረደውን ነጋን አሰረ፤ ቢላዋው የእሱ ነው፣ ከሟቹ ጋርም መጣላቱ የታወቀ ነው። መምህር እንየው የነጋን የታሰሩ እጆች ማየት አልቻለም።

የሰፈሩ ሰው እንየውን በቀልድ «ትልቁ አካፋይ» ይለዋል። ለተማሪዎቹ ትልቁን የጋራ አካፋይ ያስተምራል፤ ቅርጫውንም ቆርጦ የሚመድበው እሱ ነው። እሱ ካካፈለ ቀሪ የለም ይባላል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት የሚወዱት መርማሪ፣ መቶ አለቃ ምህረቴ፣ ከአራቱ ባለቅርጫዎች የቀሩትን ሦስቱን፣ ነጋንም ጨምረው፣ ከሟቹ ሚስት ጋር ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ።

«መምህር፣ እስቲ ያስተምሩን። አራት ሰዎች በአራት መደብ ላይ ዕጣ ሲጥሉ ስንት ዓይነት አወዳደቅ አለ?»

«ሃያ አራት። አራት ፋክቶሪያል ይባላል» አለ። ሒሳብ ከተነሳ ምላሱን መግታት አይችልም።

«እንግዲህ ነጋ አንዱን መደብ ቢመርዝ፣ ለማን እንደሚደርስ በምን ያውቃል? ለራሱስ ቢደርሰው? ገዳዩ ያለ ዕጣ የሚሰጥ ነገር ፈልጓል።» ወደ ሟቹ ሚስት ዞሩ። «ወይዘሮ ዋጋዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነበር?»

«አንዲት የጉበት ቁራጭ» አሉ ወይዘሮዋ። «ለአራቱም ሦስት ሦስት ደርሷቸው አንዷ ተረፈች። ቀሪ ለታላቅ ነውና እሳቸው ጎረሷት።»

«ጠቅላላው አሥራ ሦስት መሆኑ ነው። ከራሱ ሌላ፣ የአሥራ ሦስት ትልቁ አካፋይ ስንት ነው፣ መምህር?»

«አንድ» አለ እንየው።

«ነጋ አረደ እንጂ ጉበቱን አልቆረጠም። ቀሪ ትቶ የማያውቅ ሰው ለአራት ሰው አሥራ ሦስት የቆረጠው፣ ሦስት ሦስት ሲያድል የመረዛት አንዷ እንድትተርፍ ፈልጎ ነው። ያ አንድ ማን ነው?»

ገመዱ የነጋን የእጅ አንጓ ልጦታል።

«እኔ ነኝ» አለ መምህሩ። «ስሜም ውብአየሁ ነው። እንየው የሞተው ወንድሜ ነው፤ በእሱ ስምና የምስክር ወረቀት ተቀጠርሁ። አቶ አበረ የአገሬ የአዘና ሰው ናቸው፣ ሁለታችንንም ያውቁናል። ከበዓሉ በኋላ ለርዕሰ መምህሩ እናገራለሁ አሉኝ። ነጋን ፍቱት።»

የሚፈታ ቢታጣ ራሱ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ያዘ። ቋጠሮው ጠብቆ እንቢ ሲለው ነጋ እጆቹን አቀረበለት። መቶ አለቃው ገመዱን ለመቀበል ቆመው ይጠብቁ ነበር።