ጣሪያ ላይ የጠቆረው ወረቀት

«ሙጫና ቀለም የነካው እንጨት ጭስ» ሲል አነበበ ወጣቱ የሳይንስ መምህር፣ ከላቦራቶሪ የመጣውን ውጤት ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጎ። «እኛ የመኪና ጭስ ይበዛል ብለን ነበር። ተሳስተናል።»

ክፍሉ በጉርምርምታ ተሞላ። ፌንጣ ተብላ የምትጠራው ቀልደኛ ተማሪ ግን ቀልድ አልወረወረችም፤ ይህ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያልታየ ነገር ነው።

የሰፈሩን አየር ለመመርመር ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ እየወጣች፣ አየር በሚስበው ሞተር አፍ ላይ የዋለውንና ያደረውን ክብ ወረቀት በወረንጦ አንስታ ሌላ የምትተካው እሷ ናት። ነጭ ሆኖ የገባው ወረቀት ጠቁሮ ይወጣል። የሚያጠቁረው ዓይን የማያየው፣ ሳንባ ውስጥ ግን ሳያንኳኳ ዘው የሚል ብናኝ ነው። መምህሩ እንደሚለው ጭስ ሁሉ በብናኙ ላይ አሻራውን ይተዋል፤ ናፍጣው የናፍጣን፣ ፕላስቲኩ የፕላስቲክን። ወረቀቱ በጠቆረ ቁጥር ፌንጣ «ይሄ እንኳን የቀጮ ካልሲ ነው» እያለች ጓደኛዋን ስታበሽቅ ከርማለች።

አሁን ሁሉም የዞረው ወደ ቀጮ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ያለ እንጨት ያለው አናጺው፣ የቀጮ አባት፣ ብቻ ነዋ።

«አባቴ አያቃጥልም» አለች ቀጮ። «ቁርጥራጩን ሰው ይወስድለታል።»

«ማን?» አለ ከኋላ አንዱ።

ቀጮ ፌንጣን አየቻት። ወዲያው ዓይኗን ደብተሯ ላይ ጣለች። «እኔ ምን አውቄ።»

ማንም አላመናትም። ለሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፍ፣ አናጺው ሥራውን ያቁም ተባለ። መምህሩ እስኪጣራ እንታገሥ ቢልም የሚሰማው አልነበረም። ምላሷ እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ፌንጣ ትጻፈውና ነገ ጠዋት ታምጣው ብለው ተስማሙ።

ፌንጣ የቤተሰቧ ዳቦ ቤት ስትደርስ አባቷ ምድጃው ፊት ቆሞ ያረጀ የቁም ሳጥን በር በጉልበቱ ይሰብራል። አረንጓዴው ቀለም ገና አልለቀቀም። ይህን በር ትናንት ከአናጺው ቤት በእጅ ጋሪ እየገፋች ያመጣችው ራሷ ናት፤ መንገድ ላይ ቀጮ እንኳን ከጎን ይዛላት ነበር።

«የአየር ሐኪሟ መጣች» አለ አባቷ ሳል እያቋረጠው። ሳሉን እናቷ በዱቄቱ ታሳብባለች። «ውጤቱስ?»

ፌንጣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ነገረችው። ላቦራቶሪው ያለውን፣ ክፍሉ የወሰነውን፣ ቀጮ እያወቀች ዝም ማለቷን፤ አንድም ቀልድ አልጨመረችበት። አባቷ እንጨት መቼም እንጨት ነው ብሎ ያስብ እንደነበር፣ ጥሩው ማገዶ ከተወደደ ወዲህ ይህ ነጻ ቁርጥራጭ ባይኖር አንዱን ሠራተኛ ያሰናብት እንደነበር ነገራት። የነገራት በቁጣ አልነበረም። ፈተና ላይ የሚያውቀው መልስ እንደጠፋበት ተማሪ ነበር።

«ስማችንን ከጻፍሽ ሰው ዳቦዬን ሲያይ ቀለም ቀለም ይሸተዋል» አለ ቀስ ብሎ።

«ካልጻፍኩስ የቀጮ አባት ሥራው ይዘጋበታል።»

«እሱማ ይዘጋበታል።»

ምድጃው ውስጥ አረንጓዴው ቀለም እየተንጫጫ አረፋ ደፈቀ። አባቷ እጁ ላይ የቀረውን ግማሽ በር እሳት ውስጥ ሳይጨምረው ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ጻፊም አትጻፊም አላላትም።

ፌንጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ለአንድም ሰው ስድብ ሳታስገባ፣ በሕይወቷ ረጅሙን ጊዜ የወሰደባትን ዓረፍተ ነገር ጻፈች፦ «እንጨቱን ከአናጺው ቤት በየቀኑ በጋሪ የማመላልሰው እኔ ነኝ።»

እንጨቱን የሚያነደው ማን እንደሆነ የሚጻፍበትን የሚቀጥለውን መስመር ባዶ ተወችው። ደብተሩንና እስክሪብቶውን ወደ አባቷ ዘረጋች።

አባቷ እጁን በሽርጡ ጠራርጎ ተቀበላት።