የደራርቱ እንገር

በጃንሆይ ዘመን፣ ጉለሌ ከቁስቋም በታች፣ ደራርቱ የምትባል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወንድ ልጅ ወለደች። «ለባል ደርሳለች» ብሎ የዳራት ሰፈር፣ በወለደች ማግስት «ለማጥባት አልደረሰችም» አለ። አይገርምም?

ነገሩን የጀመሩት አማቷ ወይዘሮ ጌጤ ናቸው። ጌጤ ላም አርቢና ወተት ሻጭ ነበሩ፤ ሸጎሌ ገበያ የትኛውም ነጋዴ አያታልላቸውም። ከደራርቱ ጡት የወጣውን ወፍራም ቢጫ እንገር ሲያዩ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄ መግል ነው፤ ሆዱን ይቆርጠዋል። በዚያ ላይ ያንቺ ጡት ገና ጥሬ ነው። እያለብሽ ድፊው።»

ለሕፃኑም ቅቤ አላሱት፣ ስኳር በጥብጠው አጠጡት። በሁለተኛው ቀን ልጁ ማልቀስ አቃተው። ከንፈሩ ደረቀ፤ ቅቤው ትን ብሎት ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር። ደራርቱ ልጇ ዓይኗ እያየ ሊሞትባት እንደሆነ ገባት።

ጌጤ ጣታቸውን እንደገና ቅቤ ውስጥ ነክረው ሲመጡ፣ ልጇን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አልሰጥም!»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«አልሰጥም አልኩ! ባለፈው ሳምንት ላምዎ ስትወልድ፣ ‹ቶሎ እንገሩን ካልጠባ ይሞትብኛል› ብለው ጥጃውን ያስጠጉት እርስዎ አይደሉም? የኔ ልጅ ከጥጃ ያንሳል?»

«አፍሽን ያዢ! እኔም ልጆቼን በዚሁ ነው ያሳደግሁት።»

«ስንቱን ቀበሩ?»

አማትን እንዲህ መጠየቅ ነውር ነው ይባላል። ይባል! ደራርቱ መልስ ሳትጠብቅ ጡቷን ለልጇ ሰጠች። ሕፃኑ ፈለገ፣ ሳተ፣ ደግሞ ያዘ፤ መጥባትም ጀመረ።

ጌጤ ቅቤውን አስቀምጠው ቁጭ አሉ።

«አራት» አሉ። «አራቱንም አራስ ቤት ሳለሁ። የእግዜር ቁጣ ነው ሲሉኝ አምኜ ኖርኩ።»

ከዚያ ተነሥተው ከጀርባዋ ተቀመጡና እንድትደገፍባቸው ሳብ አደረጓት።

ልጆቻችንን ያለ ዕድሜያቸው የምንድር ሰዎች፣ መጀመሪያ እሱን እንተው። ልጅ ሆና የወለደችውን ግን ጡቷን አናጥላላባት። እንገር መግል አይደለም፤ የሕፃኑ የመጀመሪያ መድኃኒት ነው። እናቲቱ የሚያበላትና የሚደግፋት ሰው ካገኘች ታጠባለች።

በዚያው ዕለት ጎረቤታቸው ዘርትሁን በበሩ ብቅ አለች።

«እንዴ እትዬ ጌጤ! ይህች ልጅ ታጠባለች ብለው ነው?»

ጌጤ ከደራርቱ ጀርባ ንቅንቅ አላሉም።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አሏት፤ «ልጃችን እየጠባ ነው።»